የቃል አደራ፦ ገጣሚና ሐፊድ በጅጅጋ ሜዳና በሐውድ

ድርሰት ከደራሲው ወጥቶ ሰሚው ወይም አንባቢው ዘንድ እስኪደርስ በመካከል የሚቆም ሰው ይፈልጋል፤ ይህ ሰው ማን እንደሆነ፣ ደራሲው በምን ዓይነት አክብሮት እንደሚቀርበው፣ እሱስ በበኩሉ ለደራሲው ምን ግዴታ እንዳለበት የሚወስነው ሥርዓት ግን ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝ አገር ይህን ቦታ የያዘው የሥነ ጽሑፍ ወኪል፣ ማለትም የደራሲውን ረቂቅ ተቀብሎ ለአሳታሚ የሚያቀርብና ከሚገኘው ገቢ ድርሻውን የሚወስድ ባለሙያ ነው፤ ሙያው በ19ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ ሩብ ኤ. ፒ. ዋት በተባለ ስኮትላንዳዊ አማካይነት በለንደን መልክ ሲይዝ ድርሻው ከመቶ አሥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ደራሲው ለወኪል የሚልከው የመጠየቂያ ደብዳቤ የራሱን ወግ አበጅቷል፤ ደብዳቤው አጭር እንዲሆን፣ የሥራውን ዓይነትና የጸሐፊውን ማንነት በግልጽ እንዲናገር፣ ያላለቀ ሥራ እንዳለቀ ተደርጎ እንዳይቀርብ፣ መልስ እስኪመጣም በትዕግሥት እንዲጠበቅ ይፈለጋል። በኢትዮጵያ ይህ ሙያ ሥር አልሰደደም፤ የአማርኛ ደራሲ በአብዛኛው ረቂቁን ይዞ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ወይም ወደ መጽሐፍ ነጋዴ ነው። ይሁንና በአገሪቱ ምሥራቅ፣ በጅጅጋ ሜዳና ከእሱ በሚቀጥለው የሐውድ ግጦሽ ምድር፣ ማተሚያ ቤት ከመምጣቱ አስቀድሞ በደራሲና በአድራሽ መካከል ጥብቅ ወግ የነበረው አሠራር ኖሯል። አድራሹ ሐፊድ ይባላል፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ የሌላውን ሰው ግጥም በቃሉ ይዞ ከቦታ ቦታ የሚያደርስን ሰው ያመለክታል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ሐፊዳያል ይባላሉ።

አሠራሩን ለመረዳት ምድሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሐውድ ከጅጅጋ በስተደቡብና በስተምሥራቅ ተዘርግቶ እስከ ሶማሌላንድ የሚዘልቅ፣ ዝናብ ሲጥል ሣር የሚሞላ፣ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝም ሆነ የማይደርቅ ምንጭ የሌለው ከፍተኛ ሜዳ ነው። አርብቶ አደሩ በዝናቡ ወራት ግመሉን እየነዳ ይገባበታል፤ ድርቁ ሲበረታ ወደ ጉድጓዶቹ ይመለሳል። ከጅጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ ቀብሪ በያህን አልፎ የሚገኘው ሐርተሼክም የዚሁ የሐውድ ከተማ ነው፤ ኑሮው በከብት ገበያና በድንበር ንግድ ላይ የቆመ፣ ውኃው ከዝናብ ከሚጠራቀምባቸው በሲሚንቶ የተለበጡ ጉድጓዶች፣ በሶማሊኛ ቢርካ ከሚባሉት፣ ወይም ከሩቅ በመኪና ከሚመጣ ቦቴ የሚገኝ ነው። እንዲህ ባለው ምድር ሰው ተበታትኖና እየተንቀሳቀሰ ስለሚኖር፣ ግጥም የተገጠመበት ሰፈር በሚቀጥለው ወር ሌላ ቦታ ነው፤ የገጣሚው ቃል ከገጣሚው አልፎ እንዲሄድ ከተፈለገ የሚሸከመው ሰው መኖር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ የጅጅጋን ሜዳ፣ እሱ የመራር ሜዳ ብሎ የጠራውን፣ ካቋረጠ በኋላ በጥር 1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባሳተመው መጽሐፉ የሶማሊ ምድር በገጣሚዎች የተሞላ መሆኑን፣ ሕዝቡም የእያንዳንዱን ገጣሚ ደረጃ ለይቶ እንደሚያውቅ ጽፏል። በርተን በብዙ ነገር ጨካኝ ፈራጅ ስለነበረ ምስክርነቱ ዋጋ አለው፤ የገጣሚ ደረጃ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ደግሞ ግጥሙ ከነስሙ ሲደርስ ብቻ ነው።

የሶማሊ ግጥም በሁለት ትልልቅ ክፍሎች ይለያል። አንደኛው ሄስ የሚባለው ሲሆን፣ ግመል ሲጠጣ፣ ምንጣፍ ሲሠራ፣ እህል ሲወቀጥ የሚዜመውን የሥራ ዘፈን ይጨምራል፤ የሥራ ዘፈን ባለቤቱ አይታወቅም፣ ማንም ይጨምርበታል፣ ማንም ይቀንስበታል። ሁለተኛው ማንሶ የሚባለው ነው፤ ይህ በአንድ በሚታወቅ ሰው ታስቦ የተገጠመ፣ ከተነገረም በኋላ ቃሉ የማይነካ ግጥም ነው። ከማንሶ ወገን እጅግ የሚከበረው ገበይ ሲሆን፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ዕርቅ፣ ስለ ከብት ዘረፋ፣ ስለ ወዳጅነትና ስለ ክህደት የሚነጋገሩበት ረዥም ግጥም ነው፤ ጌራር የሚባለው አጠር ባለ ስንኝ የሚፈጥን፣ ቀድሞ ከፈረስና ከዘመቻ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ቡራንቡር ደግሞ የሴቶች ግጥም ነው። የክፍፍሉ መሠረት የባለቤት መታወቅና አለመታወቅ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ፊደል ያልነበረው ማኅበረሰብ ስለ ደራሲ መብት ብዙም አይጨነቅም የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ በዚህ ምድር ላይ አይሠራም።

ገበይ እንዴት እንደተሠራ በቅርብ ሲታይ የሐፊዱ ሥራ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበረ ይገለጣል። እያንዳንዱ ስንኝ በመካከሉ ዕረፍት ተደርጎበት ለሁለት ይከፈላል፤ የአናባቢዎቹ ርዝመት ሲቆጠር የመጀመሪያው ግማሽ አሥራ ሁለት፣ ሁለተኛው ስምንት ያህል ምት ይይዛል። በዚህ ላይ ሂጋድ የሚባለው ሕግ ይጨመራል፤ ይኸውም በእያንዳንዱ ግማሽ ስንኝ ቢያንስ አንድ ቃል በአንድ በተመረጠ ድምፅ እንዲጀምር የሚያዝ ሲሆን፣ ገጣሚው በመጀመሪያው ስንኝ «ደ»ን ከመረጠ ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢሆን እንኳ እስከ መጨረሻው «ደ»ን ሳይለቅ መዝለቅ አለበት። የአማርኛ ገጣሚ ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ሲሆን የሶማሊው ግን በቃላቱ መነሻ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ሆኖ በተሠራ ግጥም ውስጥ አንድ ቃል ቢጠፋ ወይም በሌላ ቢተካ፣ ወይ ምቱ ይጎድላል ወይ ሂጋዱ ይሰበራል፤ የሰለጠነ ጆሮም ወዲያውኑ ይይዘዋል። የምቱን ሕግ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነተነው ገጣሚው መሐመድ ሐሺ ዳማዕ፣ በቅጽል ስሙ ጋሪዬ፣ ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1976 በሞቃዲሾ ጋዜጣ ላይ ባወጣቸው ጽሑፎች ነው፤ ገጣሚዎቹና ሐፊዳያሉ ግን ትንታኔው ከመጻፉ ከብዙ ትውልድ በፊት ሕጉን በጆሯቸው ያውቁት ነበር።

የገጣሚው ወግ የሚጀምረው ግጥሙን ለሌላ ከማሰማቱ በፊት ነው። የሶማሊን ግጥም ለረዥም ዘመን ያጠናው ፖላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ አንድዤየቭስኪ፣ ከአንትሮፖሎጂው ባለሙያ ከአይ. ኤም. ሉዊስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ከፍ ያለ ስም ያለው ገጣሚ በቆመበት የሚያፈልቀው ግጥም ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ለብቻ ተቀምጦ፣ ለሰዓታት አንዳንዴም ለቀናት ሲያሰላስል ቆይቶ የተገጠመ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ያላለቀ ግጥም ማቅረብ የገጣሚውን ስም የሚጎዳ ነበር፤ ምክንያቱም ያደመጡት ሐፊዳያል እንዳለ ይዘውት ስለሚሄዱ፣ በማግስቱ «አስተካክዬዋለሁ» የሚልበት ዕድል አልነበረውም። የለንደን ወኪሎች ያላለቀ ረቂቅ አትላኩብን እያሉ ደራሲያንን የሚማጸኑበት ምክንያት የጊዜ ቁጠባ ነው፤ በሐውድ ግን ምክንያቱ ከዚያ የከበደ ነበር፤ አንዴ ከአፍ የወጣ ገበይ ቀጣዩ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ገጣሚው በአካል የማይደርስበት ሰፈር ሊደርስ ይችላል።

ግጥሙ ሲቀርብ ገጣሚው ወይም ሐፊዱ ሉቅ በሚባለው ዜማ፣ ያለ መሣሪያ አጃቢነት፣ ቀስ ብሎ ያወርደዋል፤ ሰሚው ዝም ብሎ ያደምጣል። ገበይ ብዙውን ጊዜ ወደ ጉዳዩ በቀጥታ አይገባም፤ በመግቢያው ገጣሚው ስለ ግጥም ችሎታው፣ ለምን አሁን ለመናገር እንደተነሣ፣ ሂጋዱንም ለምን እንደመረጠ ይናገራል፤ አንዳንዴም ግጥሙን የሚያደርሰውን ሰው ይጠራና ለማን፣ በየት በኩል፣ እንዴት አድርጎ እንዲያደርስ ያዝዘዋል። ይህ መግቢያ ሰሚውን የሚያዘጋጅ ብቻ ሳይሆን የተልእኮ ደብዳቤም ነው፤ ተላኪው፣ ተቀባዩና ጉዳዩ በራሱ በግጥሙ ውስጥ በሂጋድ ተቆልፈው ስለሚጓዙ፣ ከመንገድ ላይ አንዱን አውጥቶ ሌላ ማስገባት አይቻልም። ለሐፊዱ የሚከፈል ደመወዝ አልነበረም። ዋጋው አድናቆቱና ክብሩ ነበር፤ የታላቅ ገጣሚን ሥራ በሙላት የያዘ ሰው በየሰፈሩ በእንግድነት ይከበራል፣ ማታ ማታ ሰው ይሰበሰብለታል፤ ከእነዚህም መካከል የያዙትን ሳይደግሙ ለበርካታ ምሽቶች ማሰማት የሚችሉ እንደነበሩ ተመዝግቧል።

በምላሹ ሐፊዱ ሁለት ግዴታዎች ነበሩበት። የመጀመሪያው ግጥሙን ቃል በቃል ማድረስ ነው፤ ማሳመር፣ ማሳጠር ወይም ለሰሚው ደስ በሚለው መንገድ መለወጥ የተከለከለ ነበር። ሁለተኛውና የሥርዓቱ ልብ የሚባለው የገጣሚውን ስም ከግጥሙ በፊት መናገር ነው፤ ብዙ ጊዜም ግጥሙ የተገጠመበት ምክንያት፣ ቦታውና የተነገረለት ሰው አብሮ ይነገራል፤ ያለዚያ ለሩቅ ሰሚ ፍችው ይሰወራልና። የሌላውን ግጥም ስሙን ሳይጠሩ ማሰማት ነውር ነበር፤ የራስ አስመስሎ ማሰማት ደግሞ ከስርቆት ይቆጠር ነበር። አንድዤየቭስኪ ይህን ያልተጻፈ የደራሲ መብት ሕግ አድርጎ ገልጾታል። ይሁን እንጂ የስም መጠራት የገጣሚውን መብት ከመጠበቁ በላይ የሚፈጽመው ሌላ ተግባር ነበረው፤ ገበይ የአንድን ጎሣ ክብር ሊነካ፣ የበቀል እሳት ሊያነሣ ወይም የዕርቅ ጥሪ ሊያቀርብ የሚችል ቃል ስለሆነ፣ ቃሉን የሰጠው ሰው መታወቅ ነበረበት። ሔር በሚባለው የሶማሊ ባህላዊ ሕግ የሰውን ክብር የነካ ንግግር ካሣ የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ መልስ የሚሰጥ ገጣሚም ለማን እንደሚመልስ ማወቅ አለበት። ስሙ ስለዚህ የባለቤትነትም የተጠያቂነትም ማኅተም ነበር፤ ሐፊዱም ስሙን በትክክል በመጥራቱ ራሱን ከቃሉ ዕዳ ነጻ ያወጣል።

ይህን ከደጋው ልማድ ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ያዜመዋል፤ ግጥሙ ሰውን ያስቃል፣ ያስቆጣል፣ ከተማውንም ይዞራል፤ ማን እንደሰጠው ግን ከዚያች ሌሊት በኋላ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ባለሥልጣንን የሚነካ ግጥም ሲሆን ደግሞ ስም መጥፋቱ መከለያም ነው። በቅኔ ማሕሌት የሚዘረፍ ቅኔ በአንጻሩ የባለቤቱ ስም በሊቃውንቱ ዘንድ ተጠብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ሆኖም ባለቅኔው በየበዓሉ አዲስ እንዲያፈልቅ እንጂ የሌላውን ደጋግሞ እንዲያደርስ አይጠበቅም። የሐውዱ ሥርዓት ከሁለቱም ይለያል፤ ቃሉ አንዴ ተሠርቶ ሳይለወጥ ይኖራል፣ ስሙም አብሮት ይጓዛል። በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረው የኦጋዴኑ ገጣሚ የራጌ ኡጋስ ሥራዎች ወረቀት ላይ የሰፈሩት እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከነስሙ ያቆዩት ሐፊዳያል ናቸው።

ሥርዓቱ በፖለቲካ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ከሁሉ በላይ ያሳዩት ሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን ናቸው። ደርቪሽ የተባለውን ንቅናቄ የመሩት ሰይድ መሐመድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1900 በጅጅጋ በነበረው የኢትዮጵያ ጦር ምሽግ ላይ ኃይላቸውን አሰልፈው ከባድ ውጊያ አካሂደዋል፤ ከዚያም በኋላ ለሃያ ዓመት ከእንግሊዝ፣ ከኢጣሊያና ከኢትዮጵያ ኃይሎች ጋር ሲዋጉ ኖረው በታኅሣሥ 1920 በዋቢ ሸበሌ ዳር በምትገኘው በኢሚ ዐርፈዋል። ጎሣዎችን ለማባበል፣ ለመገሠጽና ለማስፈራራት ከጠመንጃ ባልተናነሰ የተጠቀሙት ገበይን ነው። ግጥሞቻቸውን የሚያደርስላቸው ሑሴን ዲቅሌ የተባለ ሐፊድ እንደነበራቸው በሰፊው ይታወቃል፤ እሱ የሰይዱን ቃል ይዞ የሚጓዝ መልእክተኛም ነበር። በኦጋዴን ያደገው የታሪክ ምሁር ሰኢድ ሰመተር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት የሰይዱ ግጥም እንደ ጦር መሣሪያ እንዴት እንደሠራ በዝርዝር አሳይቷል። ጠላት በሆነ ሰፈር ውስጥ የሚገባ አድራሽ ለምን አይገደልም የሚለው ጥያቄ መልሱ በዚያው በባህላዊው ሕግ ውስጥ ይገኛል፤ ኤርጎ፣ ማለትም የዕርቅ መልእክተኛ፣ ከሴት፣ ከሕፃን፣ ከሽማግሌ፣ ከእንግዳና ከሃይማኖት ሰው ጋር ጦር እንዳያርፍባቸው ከተከለከሉት ወገን ነው፤ ቃል አድራሽም በዚህ ጥላ ሥር እስከሄደ ድረስ ቃሉን እንጂ ራሱን ለፍርድ አያቀርብም።

ከደርቪሾች መውደቅ በኋላ በሐውድ የተነሣው ጉባ የሚባለው የግጥም ሰንሰለት ሥርዓቱን በሌላ መልኩ ያሳያል። ሰንሰለት የሚባለው አንዱ ገጣሚ የጀመረውን ሌላው የሚመልስበት፣ ሦስተኛው የሚገባበት፣ ለዓመታት የሚቀጥል ክርክር ነው፤ አሊ ዱሕ የለኮሰውን ጉባ ከመለሱትና ከተከራከሩበት መካከል ቀማን ቡልሐንና ሰላን አረቤይ ይገኙበታል። ጉዳዩ የጎሣዎች ጠብ፣ የግመልና የግጦሽ ነበርና ቁስሉ ቀላል አልነበረም፤ ግጥሞቹም እርስ በርስ የሚነክሱ ናቸው። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው የአንዱ ወገን ሐፊድ የሌላውን ወገን ግጥም፣ ራሱን የሚሰድበውን ጭምር፣ ቃሉን ሳያጎድል ይዞ መገኘቱ ነው፤ ያለዚያ መልሱ መልስ ሊሆን አይችልምና። ዛሬ በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉት ተቃራኒ ግጥሞች ጎን ለጎን ሊነበቡ የቻሉት በዚህ ታማኝነት ነው። ይህ ታማኝነት በየትኛውም የሥነ ጽሑፍ ዓለም ቢሆን ብርቅ ነው፤ የተቃዋሚውን ቃል በትክክል ጠቅሶ መከራከር ዛሬ በታተመው ጽሑፍ ውስጥ እንኳ ሁልጊዜ የማይገኝ ጨዋነት ነው።

ሥርዓቱ ጉድለት አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ሐፊዳያል የሚባሉት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ፤ የሚሸከሙትም የወንዶችን ገበይ ነበር። ሴቶች በሠርግ፣ በልቅሶና በመሰባሰቢያቸው የሚያሰሙት ቡራንቡር በሴቶች መካከል ሲተላለፍ ቢኖርም፣ ወደ ወንዶቹ የክርክር አደባባይ የሚያደርሰው አልነበረውም፤ በዚህ ምክንያት የብዙ ሴት ገጣሚያት ሥራ ከነስማቸው ጠፍቷል። የሶማሊ ሴት ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን ደጋግመው አመልክተዋል። አድራሽ የሌለው ድርሰት ምንም ያህል ቢያምር ከሰፈሩ እንደማይወጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ጽሕፈት ወደዚህ ምድር የመጣው በብዙ በር ነው። የሃይማኖት መምህራን ዐረብኛ ይጽፉ ነበር፤ ከጅጅጋ ብዙ በማይርቀው በቦራማ ሼክ አብዱራህማን ሼክ ኑር እ.ኤ.አ. በ1933 ለሶማሊኛ አዲስ ፊደል ፈጥረው በአካባቢያቸው ግጥምና ደብዳቤ ይጻፍበት ነበር። በ1972 ላቲን የሶማሊያ መንግሥት የጽሕፈት ፊደል ሆነ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም ሼክ ጃማዕ ኡመር ኢሴ የሰይድ መሐመድን ግጥሞች በአንድ መድበል አሳተሙ፤ ግጥሞቹን የሰበሰቡት ለዓመታት እየዞሩ ከደርቪሽ ሽማግሌዎችና ከሐፊዳያል አፍ ነው። ከእሳቸውም በፊት ሙሴ ሐጂ ኢስማኢል ገላል ከአንድዤየቭስኪ ጋር ሆነው በዚሁ መንገድ ሠርተዋል። ሬዲዮውም የሐፊዱን ቦታ በከፊል ወረሰ፤ በ1940ዎቹ የተቋቋመው የሐርጌሳ ሬዲዮና በ1957 የተጀመረው የቢቢሲ ሶማሊኛ ክፍል ሐፊዱ በወራት የሚያደርሰውን በአንድ ምሽት አደረሱ። ካሴት ሲመጣ ደግሞ ማንኛውም ሰው ሐፊድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1979 ጋሪዬ ጎሰኝነትን በመቃወም የጀመረውና ደሌይ የተባለው ሰንሰለት፣ ሐድራዊ በሚል ስም የሚታወቀውን መሐመድ ኢብራሂም ወርሰሜን ጨምሮ በርካታ ገጣሚዎችን ያሳተፈ ሲሆን፣ ሁሉም በ«ደ» ሂጋድ እንዲገጥሙ ግድ ነበር፤ ግጥሞቹም ከእጅ ወደ እጅ በሚገለበጡ ካሴቶች ድንበር ተሻገሩ። ሐድራዊ በ1982 ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ መሣሪያ ያነሡትን የሶማሊያ መንግሥት ተቃዋሚዎች ሲቀላቀል፣ ድምፁ ቀድሞት በካሴት ደርሶ ነበር።

በዚያው ምድር የጽሑፍ ደራሲ ዕጣ እንዴት እንደነበረ ለማነጻጸር ከጅጅጋ አስተዳዳሪዎች አንዱን ማንሣት ተገቢ ነው። በሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አሥርት ጅጅጋን ያስተዳደሩ ሲሆን፣ ከተማዋ ዛሬም የምትታወቅበት ቀጥ ያለ የመንገድ አቀማመጥ የእሳቸው ሥራ እንደሆነ ይነገራል። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው «ፋቡላ» የእሳቸው ድርሰት ነው፤ ተውኔቱ በአዲስ አበባ በመኳንንት ፊት ከታየ በኋላ በትችቱ ምክንያት ታገደ። የሕይወት ታሪካቸው ረቂቅ ደግሞ በ1969 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። በእሳቸው ዘመን በሐውድ የተነገረ ገበይ ግን የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ በወራት ውስጥ ሰሚ ያገኝ ነበር። በቤተ መንግሥትና በሳንሱር በር የሚያልፍ ጽሑፍና በሐፊድ ትከሻ የሚያልፍ ቃል በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ይኖሩ እንደነበረ መገንዘብ ያስፈልጋል።

ሁለቱን ዓለም በአንድ ሕይወት ያገናኘው ኑረዲን ፋራህ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. በባይደዋ ተወልዶ በሸበሌ ዳር በምትገኘው በቀላፎ ያደገው ኑረዲን፣ እናቱ የቃል ገጣሚ ነበሩ፤ እሱ በትምህርት ቤት አማርኛ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ተማረ። በሕንድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የጻፈውና በ1970 በለንደኑ የሃይነማን ድርጅት የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፣ ከኦጋዴን ምድር የተነሣ ደራሲ በሩቅ አሳታሚ በኩል ለዓለም የደረሰበት ነው። የእናቱ ግጥም በቃል ይነገር ነበር፤ የእሱን ድርሰት ያደረሰው ግን የታተመ መጽሐፍ ነው።

በግንቦት 1988 እ.ኤ.አ. በሐርጌሳና በቡርዖ ጦርነት ሲፈነዳና ከተሞቹ በአየር ሲደበደቡ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሐውድ ገባ። ሐርተሼክ ከ2 መቶ ሺህ በላይ ስደተኞች ያረፉበት፣ በአንድ ወቅት በዓለም ከትልልቆቹ ሁሉ ትልቁ የተባለ ካምፕ ሆነ፤ የመመለሱ ሥራ ከ1997 ጀምሮ ተካሂዶ ካምፑ በ2004 ተዘጋ። ከተማው በእነዚያ ዓመታት በልብስና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ንግድ ስሙ እስከ አዲስ አበባ የሚጠራ ገበያም ሆኖ ነበር። ሕዝቡ ሲሸሽ የሐርጌሳ ሬዲዮ ክሮችና ካሴቶች ከድብደባው እንዲተርፉ በከፊል ተቀብረው፣ በከፊልም ወደ ጂቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተወስደው ነበር፤ ከዚህ የተረፈውና ከግለሰቦች እጅ የተሰበሰበው ዛሬ በ2014 በተከፈተው በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ14 ሺህ በላይ ካሴቶች ሆኖ ተቀምጧል። እነዚህን ካሴቶች የሸሸጉና የተሸከሙ ሰዎች የሐፊዱን አደራ በሌላ ዕቃ የተወጡ ናቸው፤ የብዙዎቹ ስም ግን በየትኛውም ዝርዝር ላይ አልሰፈረም።

ዛሬ ሶማሊኛ በሶማሌ ክልል የሥራና የትምህርት ቋንቋ ነው፤ በጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ግጥም በየስልኩ ይጓዛል። በስልክ የሚጓዘው ግጥም ግን ብዙ ጊዜ ስም የለውም፤ አንዱ ከሌላው ቆርጦ ያስተላልፈዋል፤ ገጣሚው ማን እንደሆነ፣ በምን ምክንያት እንደገጠመው የሚነገር አይኖርም። ቀድሞ በሐውድ ማንም እረኛ የማይደፍረው ነገር ዛሬ የተማረ ሰው የሚፈጽመው ልማድ ሆኗል። በጅጅጋም ሆነ በአዲስ አበባ የሶማሊ ግጥም የሚያሳትም፣ የሚተረጉም ወይም ለጥናት የሚሰበስብ ሁሉ በመጽሐፉ ገጽ ላይ ሦስት ስሞች ሊያሰፍር ይገባል፤ የገጣሚውን፣ ግጥሙን በቃል ይዞ የነገረውን ሐፊድና ከሐፊዱ ተቀብሎ የመዘገበውን ሰው። ቡራንቡር ሲሆን ደግሞ በሐርተሼክ፣ በቀብሪ በያህና በአውበሬ ያሉ እናቶች ገና በሕይወት ሳሉ ፈጥኖ መጠየቅ፣ ከነስማቸውም መመዝገብ ያስፈልጋል።